አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ፍርሃት በነገሠበት ዘመን ሁሉ ካርታ ከተጠርጣሪዎች ረድፍ ታጥቶ አያውቅም። በእኛ ዘመን ደግሞ ክሱ እስከ ጨዋታ ድረስ ወርዷል። በቤቱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ አውሮፕላን የሚያበር፣ ከወንበሩ ሳይነሣ ከአህጉር ወደ አህጉር የሚሻገር የበረራ ሲሙሌተር አፍቃሪ፣ የማኮብኮቢያውን ትክክለኛ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የተራራውን ትክክለኛ ከፍታ፣ የሬዲዮ ጣቢያውን ትክክለኛ ሥፍራ ለሕዝብ ከተከፈተ መዝገብ ወስዶ ስለተጠቀመ ብቻ «ለአሸባሪ መንገድ ትጠርጋለህ» ይባላል። እኔ በዚህ ፍቅር ከተለከፉት አንዱ ነኝና ገለልተኛ ነኝ አልልም። ሙግቴ ግን የጨዋታ ሙግት ብቻ አይደለም። «ክፉ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር የሕዝብ የሆነውን ዕውቀት ከሕዝብ እጅ መንጠቅ ይገባልን? የምሟገተው በዚህ ላይ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ፊት ስለ አውሮፕላን ጨዋታ ማውራት ምን ይሉታል የሚል ይኖራል። እንዲህ ልመልስለት። ሰማይ ባዶ አይደለም፤ ስም አለው። በዓለም አቀፍ የአቪዬሽን ደንብ መሠረት አየር ላይ ያሉ የበረራ ነጥቦች አብራሪና ተቆጣጣሪ በሬዲዮ በቀላሉ የሚጠሯቸው ባለ አምስት ፊደል ስሞች ይሰጧቸዋል። ካንሳስ ሲቲ በሥጋ ጥብሷ የታወቀች ከተማ ናትና ወደ እርሷ በሚወስደው የበረራ መሥመር ላይ «ስፓይሲ»፣ «ባርቢኪው»፣ «ስሞክ»፣ «ሪብስ» የሚባሉ ነጥቦች ተሰድረዋል፤ ቅመሙ፣ ጥብሱ፣ ጢሱ፣ ጎድኑ እንደ ማለት ነው። አንድ ስሙ የማይታወቅ የቢሮ ሠራተኛ ዓይን በማያየው ሰማይ ላይ ቅኔ ዘርፏል። የሲሙሌተር አፍቃሪ ማለት ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ነው። የቦታ ስም የሚወድ፣ ወንዙ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ የሚጠይቅ ሰው ከእኛ ወገን ነው፤ የእርሱ ካርታ ሲቀደድ የእኛም መጽሐፍ አንድ ገጽ አብሮ ይቀደዳል።

የከሳሾችን ነገር አሳንሼ ማቅረብ አልሻም። ጠንካራው ነጥባቸው ይህ ነው፦ የሴፕቴምበር 11 ቀን 2001ን ጥቃት የመረመረው የአሜሪካ ኮሚሽን በ2004 ባወጣው ሪፖርት እንዳሰፈረው፣ ከሴራው ተሳታፊዎች አንዳንዶቹ ካራቺ ውስጥ በተሰጣቸው ሥልጠና የበረራ ሲሙሌተር ጨዋታዎችን ተጠቅመዋል። እውነት ነው፤ አልክደውም። ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሰው ያለቀበት ቀን ነውና የሟቾቹ ወገኖች ይህን ሰምተው ቢቆጡ አልፈርድባቸውም።

ነገር ግን ያው ሪፖርት በዚያው ሥፍራ ሌላም ነገር ይናገራል። ሠልጣኞቹ ስለ አውሮፕላን ጠለፋ የተሠሩ ፊልሞችን ተመልክተዋል፤ የአየር መንገዶችን የጉዞ ሰሌዳም አጥንተዋል። ታዲያ ፊልሙን ማን አገደው? የጉዞ ሰሌዳውንስ ማን ደበቀው? ማንም። ሊደበቅም አይችልም፤ መንገደኛ መቼ እንደሚሳፈር ሳያውቅ አየር መንገድ አይኖርምና። ደግሞስ አውሮፕላኖቹን የመሩት ጠላፊዎች ማብረርን የተማሩት ከጨዋታ ነበርን? አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በእውነተኛ የበረራ ትምህርት ቤቶች፣ ገንዘብ ከፍለው፣ ፈተና ወስደው፣ የአብራሪነት ፈቃድ ተቀብለው ነው። ኋላም ትክክለኛው መልስ የተሰጠው በበሩ በኩል ነው፤ የአብራሪዎቹ ክፍል በር ጥይት እንዳይበሳው፣ ጉልበት እንዳይሰብረው ሆኖ ተጠናከረ። ይህ ጥበቃ ነው። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት መንትያዎቹን ሕንፃዎች ከሲሙሌተሩ ማውጣቱንም አከብራለሁ። እርሱ ግን ለቅሶ እንጂ ጥበቃ አልነበረም። ለቅሶን ከጥበቃ የሚያምታታ ሰው ሁለቱንም ያረክሳል።

ከዚያ ወዲህም ከሳሾች የሚያነሡት ታሪክ አለ። በኦገስት 2018 በሲያትል-ታኮማ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ የምድር አገልግሎት ሠራተኛ መንገደኛ ያልተሳፈረበትን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ይዞ ተነሣ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ በአየር ላይ ቆይቶ አንዲት ደሴት ላይ ወድቆ ብቻውን ሞተ። ከተቆጣጣሪው ጋር በሬዲዮ ሲነጋገር የቪዲዮ ጨዋታ ተጫውቶ እንደሚያውቅ ተናግሯል። ይኸው! አሉ ከሳሾች። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ አውሮፕላኑ ዘንድ ያደረሰው ምንድን ነው? የሥራ መታወቂያው ነው። ማኮብኮቢያው የት እንዳለ ለማወቅ የማንንም ካርታ አልለመነም፤ የዕለት ተዕለት የሥራ ሥፍራው ነበር። የቦታ መረጃው ከዓለም ሁሉ ቢሰወር ኖሮ ያ ምሽት በአንዲት ደቂቃ እንኳ አይለወጥም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጂኦስፓሻል ኢንተለጀንስ ኤጀንሲ ዳፊፍ በሚል አጭር ስም የሚታወቅ የዓለም አቀፍ የበረራ መረጃ መዝገብ ነበረው። የዓለም አውሮፕላን ማረፊያዎች፣ ማኮብኮቢያዎች፣ የሬዲዮ መርጃ ጣቢያዎች፣ የአየር መሥመሮችና ቅድም ያነሣኋቸው ባለ አምስት ፊደል ነጥቦች በየ28 ቀኑ እየታደሱ ይሰፍሩበት ነበር። ይህን መዝገብ ማንም ሰው በነጻ ይወስደው ነበር። ኤክስ-ፕሌንና በፈቃደኞች ድካም የተሠራው ፍላይትጊር የተባሉት ሲሙሌተሮች ዓለማቸውን ካነጹበት ድንጋይ ብዙው ከዚያ የተፈለጠ ነው። ኤጀንሲው በኖቬምበር 2004 መዝገቡን ከሕዝብ ሊያነሣ ማሰቡን አስታወቀ፤ ተቃውሞ በመነሣቱ ጥቂት ዘገየ፤ በኦክቶበር 2006 ግን ዘጋው። ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ መረጃው አሜሪካንና ወዳጆቿን ሊጎዱ በሚያስቡ ሰዎች እጅ እንዳይገባ የሚል ነበር።

እስቲ ይህን ምክንያት በእርጋታ እንመርምረው። በመዝገቡ ውስጥ ያለው መረጃ ከየት መጣ? እያንዳንዱ አገር በዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት መሠረት ራሱ አሳትሞ ለዓለም ከሚያሠራጨው ጽሑፍ ነው። የእኛም የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የቦሌን ማኮብኮቢያ ርዝመትና ከፍታ በግልጽ ያትማል፤ ባያትም ኖሮ የሌላ አገር አብራሪ እንዴት ያርፋል? አውሮፕላን ማረፊያ የተሠራው ከሩቅ እንዲታይ፣ በስሙ እንዲጠራ፣ በሌሊት እንኳ በመብራት እንዲለይ ነው። ከተሰወረ ሞተ። የባሰው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ መዝገቡ ሲዘጋ የአሜሪካ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያዎች መረጃ አልተዘጋም። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ ዛሬም በነጻ ይሰጠዋል። አሜሪካን ለመጠበቅ ተብሎ የአሜሪካ መረጃ ክፍት ሆኖ የቀረው ዓለም መረጃ ሲዘጋ ምን ይባላል? ከምክንያቶቹ መካከል የሌሎች አገሮች አሳታሚዎች ያነሡት የባለቤትነት መብት ጥያቄና ከንግድ ድርጅቶች ጋር ላለመሻማት የሚለውም ነበሩ። እነዚህ ቢያንስ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው፤ ልንከራከርባቸው እንችላለን። ፍርሃቱ ግን ለእነርሱ የተደረበ ካባ ነበር።

ከዚያስ ምን ሆነ? መረጃው ከዓለም አልጠፋም። ገንዘብ ያለው ሁሉ ከንግድ ድርጅቶች ይገዛዋል። ክፉ የሚያስብ ሰው ለአንድ የአውሮፕላን ትኬት ከሚከፍለው ባነሰ ገንዘብ ያገኘዋል። በሩ የተዘጋው ለመክፈል አቅም ለሌለው ተማሪ፣ ለጡረተኛው፣ ለፈቃደኛው ፕሮግራመር ነው። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት እንዲህ ላለው ጀግንነት አይደለምን?

መንግሥታት ቦታን ደብቀው የተጸጸቱበት ታሪክ ደግሞ አዲስ አይደለም። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ለሲቪል ተጠቃሚ የሚልኩት ምልክት ለዓመታት ሆነ ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ነበር፤ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በሜይ 2000 መዛባቱ እንዲቆም አዘዙ፤ ስሕተቱ በአንድ ሌሊት ከ20 ሜትር በታች ወረደ። ዛሬ የታክሲ ሹፌሩም፣ የአምቡላንስ ነጂውም፣ ገበሬውም የሚጠቀሙት የዚያን ሌሊት ውሳኔ ፍሬ ነው። ልብ በሉ! ከአንድ ዓመት በኋላ ያ አሰቃቂ ጥቃት ሲደርስ እንኳ አሜሪካ ማዛባቱን አልመለሰችም፤ በ2007ም ወደፊት የሚሠሩት ሳተላይቶች የማዛቢያው ችሎታ ጭራሽ እንደማይኖራቸው አስታወቀች። በምድር ላይ ላለ ለማንኛውም ሰው የቆመበትን ሥፍራ በሜትሮች ልክ የሚነግረውን መሣሪያ ክፍት አድርጎ፣ የማኮብኮቢያ ዝርዝርን ከጨዋታ አፍቃሪ መደበቅ የት ያለ ጥበብ ነው?

ሁለተኛው ታሪክ የእኛን አገር ይነካል። በፌብሩዋሪ 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀናት ውስጥ ከዓለም የብስ 80 በመቶውን በራዳር ለካች። ልኬቱ በ30 ሜትር ርቀት የተነጠበ ነበር። ለሕዝብ ሲለቀቅ ግን የአሜሪካ ምድር በ30 ሜትሩ፣ የቀረው ዓለም በ90 ሜትር እንዲሰጥ ተወሰነ። በሜዳ አገር ላይ ልዩነቱ ብዙ አይታይም። በእኛ ደጋ ላይ ግን ምን እንደሚያደርግ ገምቱ። በ90 ሜትር መረጃ የተሠራ የስሜን ተራራ ገደል ገደልነቱን ያጣል፤ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ግድግዳ እንደ ታረሰ ኮረብታ ይለዝባል፤ የዓባይ ሸለቆ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ አምባው አምባ አይመስልም። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ሲሙሌተሩን ከፍቶ በስሜን ላይ ሲያልፍ የሚያየው የአገሩን ተራራ ሳይሆን የተራራውን ወሬ ነበር። ጃፓንና አሜሪካ በጋራ በ2009 ከሌላ ሳተላይት የተሠራ የ30 ሜትር መረጃ ለዓለም በነጻ ከለቀቁ በኋላ እንኳ የመንኮራኩሯ ልኬት ለአምስት ዓመታት ተቆልፎበት ቆየ። በሴፕቴምበር 2014 ተከፈተ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የተለቀቀውም የአፍሪካ ክፍል ነበር። ከተከፈተ ወዲህ የጎርፍ መንገድ የሚያጠናው፣ የመሬት መንሸራተትን የሚተነብየው፣ የመስኖ ቦይ የሚቀይሰው ባለሙያ ተጠቅሞበታል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የተጠበቀው ከማን ነበር? ገደሉንስ የአገሩ እረኛ በእግሩ ያውቀው የለምን?

ሦስተኛውን ታሪክ በሐዘን እጽፋለሁ። ቺካጎ ውስጥ በሐይቁ ዳር ሜግስ ፊልድ የምትባል ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበረች። ከ1982 ጀምሮ ወደ 20 ዓመት ገደማ የማይክሮሶፍትን ሲሙሌተር የከፈተ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ በረራውን የሚጀምረው ከእርሷ ነበር። ቺካጎን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ስንትና ስንት ሰው ያቺን አንድ ማኮብኮቢያ እንደ ቤቱ ደጃፍ ያውቃታል። በማርች 30 ቀን 2003 ሌሊት ከንቲባው ዴሊ ቡልዶዘሮች ልከው ማኮብኮቢያውን በትላልቅ የኤክስ ምልክቶች አስቆፈሩት። አውሮፕላኖች ቆመው ሳለ፣ ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱም ሳይነገር! የተሰጠው ምክንያት ከተማይቱን ከአየር ጥቃት መጠበቅ የሚል ነበር። ነገር ግን ከንቲባው ሥፍራውን መናፈሻ ለማድረግ ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲታገሉ እንደነበር የከተማው ሰው ያውቃል፤ ዛሬም ሥፍራው መናፈሻ ነው። ቺካጎ በ2006 የ33,000 ዶላር ቅጣት ለመክፈልና 1 ሚሊዮን ዶላር የፌዴራል ገንዘብ ለመመለስ ተስማማች። መናፈሻ መውደድ ነውር አይደለም። ነውሩ የሰውን ፍርሃት እንደ ቡልዶዘር መንዳት ነው። ሜግስ ፊልድ ዛሬ ያለችው በድሮዎቹ ሲሙሌተሮች ውስጥና እነርሱን በሚወዱ ሰዎች ዘንድ ብቻ ነው። አደገኞች የተባሉት እነዚህ ሰዎች የአንዲትን ከተማ ትዝታ ጠባቂዎች ሆነው ተገኙ።

«አንተ የምትለው የአፍቃሪ ስሜት ነው፤ የባለሙያ ማስረጃ አምጣ» ለሚሉኝ ማስረጃው አለ። ራንድ የተባለው የምርምር ድርጅት በ2004 ለራሱ ለዚያ የጂኦስፓሻል ኤጀንሲ ጥናት አቅርቦ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ለሕዝብ ከሚሰጣቸው የቦታ መረጃ ስብስቦች 629ኙን መረመረ። ለአጥቂ ሊጠቅሙ ይችሉ ይሆናል የተባሉት ከ6 በመቶ በታች ናቸው፤ የሚጠቅሙና ከሌላ ምንጭ የማይገኙ የተባሉት ደግሞ ከ1 በመቶ በታች። ጥናቱ መመዘኛም ሰጥቷል፦ መረጃው ለአጥቂ በእርግጥ ይጠቅማልን? ከዚህ በቀር ሌላ ምንጭ የለውምን? ቢዘጋ ሕዝብ የሚያጣው ምንድን ነው? ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ኤጀንሲው የገዛ ጥናቱን በተቀበለበት ዓመት መዝገቡን ሊዘጋ መነሣቱ ግን ፍርሃት ማንበብ እንደማይወድ ያሳያል።

ደግሞስ በሲሙሌተር ውስጥ ያለው ዓለም ምን ያህል ቢታመን ነው ለጥቃት የሚበቃው? በ2020 የወጣው የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር በሜልበርን ከተማ ተራ ቤቶች መካከል ሰማይ የሚነካ ቀጭን ግንብ አቁሞ ዓለምን አሳቀ። ምክንያቱ ቀላል ነበር። በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩት የጋራ ካርታ ላይ አንድ ሰው ባለ 2 ፎቅ ብሎ መጻፍ ሲገባው 212 ብሎ ጽፏል። ስሕተቱን አይተው የሳቁት፣ ተጓዥ ልከው የጎበኙት፣ ያረሙትም እነዚያው አፍቃሪዎች ናቸው። ክፍት መረጃ እንዲህ ነው፤ ስሕተቱም ይታያል፣ አራሚውም ይገኛል። የተደበቀ ካርታ ሲሳሳት ግን ማን ያርመዋል?

የቦታ መረጃ ሁሉ ለሁሉ ይበተን እያልኩ ግን አይደለም። ቆሞ የሚኖር ነገርና የሚንቀሳቀስ ሰው አንድ አይደሉም። አውሮፕላኖች ያሉበትን ሥፍራ በየሰከንዱ በሬዲዮ ይናገራሉ፤ አንዳንድ ሲሙሌተሮችም ያንን ተቀብለው እውነተኛውን የአየር ትራፊክ በጨዋታው ሰማይ ላይ ያሳያሉ። ለመንገደኛ አውሮፕላን ይህ ምንም አይደለም። ነገር ግን አንድ የግል አውሮፕላን የአንድን ሰው ዕለታዊ መውጫና መግቢያ የሚገልጥ ከሆነ፣ ያ ሰው እንዳይከታተሉት የመጠየቅ መብት አለው፤ የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደርም ለዚህ ጊዜያዊ መለያ የሚሰጥበት አሠራር ዘርግቷል። ተገቢ ነው። ተራራ ግን ምስጢር የለውም። ማኮብኮቢያ የሚሸማቀቅበት ገመና የለውም። የሰውን ገመና ለመሸፈን የተሰጠ ጨርቅ ምድርን ለመሸፈን አይዘርጋ!

እኛ የአማርኛ አንባብያን ይህን ሙግት ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባናል። ሳንሱር የሚባለውን ነገር እናውቀዋለን፤ በሕግ የቀረው በ1992 በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው። ሳንሱር ቢሮ ውስጥ የተቀመጠው ሰው መጽሐፍ ጠላሁ ብሎ አያውቅም። የሚለው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «መጽሐፉ መጥፎ አይደለም፤ ግን መጥፎ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል።» ይህ ዐረፍተ ነገር መልስ የማይገኝለት የሚመስለው ወሰን ስለሌለው ብቻ ነው። ቢላዋም፣ ክብሪትም፣ ፊደልም በእርሱ ሊታገዱ ይችላሉ። ስለዚህ የማስረዳት ሸክሙ መወደቅ ያለበት በሚከፍተው ላይ ሳይሆን በሚዘጋው ላይ ነው። ዘጊው ይቁምና ሦስቱን ጥያቄዎች ይመልስ። ከመለሰ እንቀበለዋለን። ካልመለሰ፣ እኛም ካርታችንን ዘርግተን ጉዟችንን እንቀጥላለን።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። የበረየውን አንስቅበትም፤ እባብ አይቷልና። ነገር ግን እርሱ በረየ ተብሎ የአገር ልጥ ሁሉ ይቃጠል ከተባለ፣ ነገ ጎጆው በምን ይታሰራል?